ከድሬዳዋ እስከ ዳከታ፦ የጉዞ ማስታወሻ አያያዝ ደረጃ በደረጃ

«ማስታወሻ የሚያዘው እንዴት ነው? ምን ምኑ ነው የሚጻፈው?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣልኛል። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ቅዳሜና እሑድን ድሬዳዋና ሐረር ለማሳለፍ ያሰቡ ሰዎች ናቸው። ስልካቸው በፎቶ ይሞላል። ከወር በኋላ ግን የትኛው በር የቱ እንደነበር፣ ያቺን ድንጋይ ያዩት ከባቢሌ በፊት ይሁን በኋላ ይጠፋባቸዋል። ስለዚህ አሠራሩን ከነመንገዱ አንድ ላይ ላስቀምጥላችሁ። መነሻችን ድሬዳዋ ነው፤ ሐረር እናድራለን፤ በማግስቱ ከባቢሌ አለፍ ብሎ ያለው የዳከታ ሸለቆ ድረስ እንሄዳለን።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ኪስ የሚገባ፣ ሽፋኑ ጠንካራ የሆነ ደብተር። ቆማችሁ ስለምትጽፉ ጠንካራው ሽፋን ጠረጴዛ ይሆናችኋል።
• ሁለት እርሳስና መቅረጫ። አንዳንድ የእስክሪብቶ ቀለም በላብና በዝናብ ይሟሟል፤ የእርሳስ ጽሑፍን ግን ውሃ አያሟሟውም።
• ደብተሩን የምትጠቀልሉበት ፌስታልና ገጹን የምትይዙበት ላስቲክ።
• ስልክና ፓወር ባንክ። ከፍታ የሚያሳይ አፕሊኬሽን ከቤት ጫኑ። ጂፒኤስ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ካርታውን ግን አስቀድማችሁ አውርዱት።
• የእጅ ባትሪ።
• ውሃ፣ ኮፍያ፣ እንዲሁም ለሐረር ማታ ጃኬት ወይም ጋቢ።
• ዝርዝር ብር። ለባጃጅም፣ ለሻይም፣ ለኦቾሎኒም ያስፈልጋል።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመቻል። ሰማዩ ይጠራል፣ የድሬ ሙቀትም ይበርዳል። በሐምሌና በነሐሴ የምትመጡ ከሆነ ድሬዳዋን ለሁለት ስለሚከፍለው ወንዝ፣ ስለ ደቻቱ፣ ከታች የጻፍኩትን ማስጠንቀቂያ ሳታነቡ አትነሱ።

ደረጃ 1፦ ከመንገዱ በፊት ሰዓቱን አስማሙ

ይሄ ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ማስታወሻ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። እናንተ ደብተራችሁ ላይ «ከቀኑ 7 ሰዓት» ትላላችሁ። ስልካችሁ ፎቶውን 13፡00 ብሎ ይመዘግባል። ቀኑም ስልኩ ላይ በፈረንጅ፣ ደብተሩ ላይ በኢትዮጵያ ነው። ከዓመት በኋላ ሁለቱን ማገናኘት ራስ ምታት ይሆናል።

መፍትሔው ይኸው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። ከሥሩ በዚያች ደቂቃ ያለውን ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር አስፍሩ። ከዚያ ገጹን ፎቶ አንሱት። ያ ፎቶ የስልኩንና የደብተሩን ሰዓት ያስተሳስርላችኋል። የቀሩትን ፎቶዎች በሙሉ በእሱ ታመሳክራላችሁ።

በዚያው ገጽ ጥግ ላይ ሦስት ምልክቶች አስቀምጡ፦ አ ማለት በዓይኔ አየሁ፣ ሰ ማለት ከሰው ሰማሁ፣ ግ ማለት ግምቴ ነው። እያንዳንዱ መስመር ፊት አንዷን ትጽፋላችሁ። ሐረር ላይ ስለ አንድ ግንብ አራት ሰው አራት ታሪክ ሊነግራችሁ ይችላል። ሁሉም ጆሮ የሚሰጠው ነው። ግን የሰማችሁትን ካያችሁት ካልለያችሁ፣ ኋላ ላይ ለሌላ ሰው ስትናገሩ ወሬውን በዓይናችሁ እንዳያችሁት አድርጋችሁ ታወሩታላችሁ።

ደረጃ 2፦ ድሬዳዋን በጠዋት ያዙት

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ውጡ። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ነው ያለችው፤ ረፋዱ ላይ ፀሐይዋ መክረር ትጀምራለች። ሲሞቅ ሰው የሚያየውም የሚጽፈውም ይቀንሳል። ከቀትር ጀምሮ እስከ 9 ሰዓት ገደማ ደግሞ ብዙ ሱቅ ይዘጋል፣ ከተማውም ያርፋል።

ከከዚራ ሰፈር ጀምሩ። ለገሃር፣ ባቡር ጣቢያው፣ ፊት ለፊት ቁሙና ቀጥ ያሉትን መንገዶችና የዛፉን ጥላ ተመልከቱ። ከዚያ ደቻቱን ተሻግራችሁ መጋላ ሰፈር ግቡ፤ መንገዱ ሲጠማዘዝ፣ ድምፁ ሲበዛ ይታወቃችኋል። ቀፊራ ገበያ ላይ ቁሙ። በየማቆሚያው አምስት መስመር ብቻ ጻፉ፦

– ሰዓት
– ቦታው፣ አጠገቡ ካለ የማይነቃነቅ ምልክት ጋር
– ሙቀቱ ወይም ነፋሱ
– አንድ ድምፅ ወይም አንድ ሽታ
– አንድ ሰው የተናገረው፣ በራሱ አነጋገር

አምስት ያልኩት እንዳይሰለቻችሁ ነው። ገጽ ሙሉ ለመጻፍ ያሰበ ሰው ሦስተኛው ማቆሚያ ላይ ይተወዋል። አምስት መስመር ግን ሻይ እስኪቀርብ ያልቃል። የሰው ንግግር ስትጽፉ አታርሙት። የድሬ ልጅ «አቦ ተወው!» ካለ «አቦ ተወው!» ብላችሁ ጻፉ። «ችግር የለም አለ» ብላችሁ ከለወጣችሁት ሰውየው ከገጹ ላይ ወጣ ማለት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ይጫወቱበታል። ወደ ደንገጎ በኩል ያለው ተራራ ከጠቆረ ግን፣ ከተማው ላይ ጠብ ባይልም፣ ወንዙ ውስጥ ቆማችሁ አትጻፉ፣ ፎቶም አታንሱ። ዝናቡ የሚዘንበው ላይ ነው፤ ውሃው ድንገት ደርሶ አሸዋውን ይሞላዋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ከድልድዩ ላይ ሆናችሁ እዩት።

ደረጃ 3፦ ዳገቱን በከፍታ መዝግቡ

ከድሬዳዋ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሚኒባስ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ያልፋል። የመስኮት ወንበር ያዙ። መንገዱ ስለሚጠማዘዝ ሜዳው አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ይታያል፤ የትኛውም መስኮት አይጎዳችሁም። ጋቢናውን ለመመለሻ አቆዩት። ቁልቁል ስትወርዱ ከፊት ለፊታችሁ ሜዳው ወለል ብሎ ይዘረጋል፤ በዚህ ሰዓት ከጋቢና የተሻለ ቦታ የለም።

በመኪና ውስጥ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ አትታገሉ። ፊደሉ ይንቀጠቀጣል፣ አንገታችሁን አቀርቅራችሁም መንገዱ ያልፋችኋል፣ ማቅለሽለሽም አለ። ይልቅ ሌሊቱን ገጹን አዘጋጅታችሁ እደሩ። የቦታ ስሞቹን ከላይ ወደ ታች ደርድሩ፦ ድሬዳዋ፣ ደንገጎ፣ አዴሌ፣ ሐረማያ፣ አወዳይ፣ ሐረር። በየስሙ አጠገብ ሰዓትና ከፍታ የሚገባበት ባዶ ቦታ ተዉ። በጉዞው ላይ ቁጥሩን ብቻ ትሞላላችሁ።

ከፍታው ለምን አስፈለገ? የምታዩትን ለውጥ በሙሉ የሚያብራራው እሱ ነው። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀዘቅዛል። ሐረማያ አካባቢ 2,000 ሜትር ገደማ ትደርሳላችሁ፤ ሐረር 1,880 ሜትር አካባቢ ናት። ድሬ ላይ ያወለቃችሁት ጃኬት ደንገጎ ላይ የሚያምራችሁ በዚህ ምክንያት ነው። ከታች ያለው ደረቅ ቁጥቋጦ ከላይ በጫትና በማሽላ እርከን የሚተካውም በዚሁ ነው። የስልክ ከፍታ በአሥር ሜትሮች ሊሳሳት ይችላል፤ ለዚህ ሥራ ችግር የለውም።

ሐረማያ ስትደርሱ ሐይቁን አትለፉት። ለዓመታት ደርቆ የነበረ ሐይቅ ነው፤ አሁን ውሃ ይዟል። የውሃው ጠርዝ ከምን አጠገብ እንደደረሰ ጻፉ፦ ዛፍ፣ አጥር፣ የመንገዱ ትከሻ። በሌላ ጊዜ ስታልፉ ከፍ ዝቅ ማለቱን የምታውቁት በዚህ ነው። «ሐይቁ ያምራል» የሚለው ለማንም አይጠቅምም፤ ለራሳችሁም ቢሆን።

ማስጠንቀቂያ፦ ፎቶ ለማንሳት ጠመዝማዛው ላይ መኪና አታስቁሙ። አወዳይ አካባቢ ጫት የጫኑ መኪኖች ይበርራሉ። በክረምት ደንገጎ ላይ ጭጋግ ሊወርድ ስለሚችል ጉዞውን በቀን ጨርሱት። ኬላ ላይ ስልኩም ደብተሩም ኪስ ይግባ።

ደረጃ 4፦ ጀጎል ውስጥ ዝግ በሉ

ጀጎል በግንብ የታጠረው የድሮው የሐረር ከተማ ነው። ሐረር በር በሚባለው በር ግቡ። መኪና የሚሄድበት ቀጥተኛው መንገድ ፈረስ መጋላ አደባባይ ያደርሳችኋል። ከዚያ ወዲያ ያለው አብዛኛው ጠባብ መንገድ ነው፤ በእግር ይሄዳል።

በመጀመሪያ የበሮቹን ስም አስተካክሉ። እያንዳንዱ ጥንታዊ በር ቢያንስ ሁለት ስም አለው። ሸዋ በር አስማዲን በሪ ነው፤ ቡዳ በር በድሪ በሪ፣ ሰንጋ በር ሱቁጣጥ በሪ፣ ኤረር በር አርጎብ በሪ፣ ፈላና በር አሱም በሪ። ሁለቱንም ጻፉ። የባጃጁ ልጅ የሚያውቀው አንዱን፣ በሩ ሥር የተቀመጡት አባት የሚጠሩት ሌላውን ሊሆን ይችላል። አንዱን ብቻ ከያዛችሁ ኋላ አንድ በር ሁለት ሆኖ ይቆጠርባችኋል።

ቀጥሎ አንድ በር ምረጡና ሳሉት። መሳል አልችልም ማለት የለም። አምስት ደቂቃ ብቻ፣ በእርሳስ፣ የበሩን ቅርጽ፣ የግንቡን ከፍታ ከሚያልፍ ሰው ቁመት ጋር። የሚሳል ሰው የግድ ያያል። ለምሳሌ ግንቡ እግር ሥር ያለውን ዝቅተኛ ቀዳዳ ብዙ ጎብኚ ሳያየው ያልፋል። ማታ ማታ ጅቦች የሚገቡበት ነው። እየሳላችሁ ከሆነ ግን እጃችሁ እዚያ ሲደርስ «ይሄ ምንድን ነው?» ማለታችሁ አይቀርም።

ከዚያ ከፈረስ መጋላ መኪና ግርግር ወደሚባለው መንገድ ውረዱ። ልብስ ሰፊዎቹ መንገዱ ዳር ተደርድረዋል። እዚህ ቁሙና አንድ ሰፊ ላይ ብቻ አተኩሩ። ማስታወሻው እንዲህ ያለ ይሁን፦

«3፡40 ጠዋት። መኪና ግርግር፣ ከፈረስ መጋላ ሲወረድ በግራ። አ፦ ሰፊው በእግሩ ይረግጣል፤ በሁለት ጣቱ የቀይ ሻሽ ጠርዝ እያጠፈ ወደ መርፌው ይሰዳል። አ፦ ክር ሲበጠስ ቀና አይልም፤ በአፉ አርጥቦ ያስገባል። አ፦ ደንበኛዋ በርጩማ ላይ፣ ሌላ ጨርቅ ጭኗ ላይ። ሰ፦ ‹ቆይ እናቴ፣ ይቺን ልጨርስልሽ።› ሽታ፦ የማሽን ዘይትና እጣን። ግ፦ ሻሹ ለሠርግ ይመስላል።»

ስለ መንገዱ ስፋትና ስለ ሕዝቡ ብዛት ምንም አልተጻፈም። ግን ከአምስት ዓመት በኋላ ብታነቡት መንገዱ ከነሰዉ ይመጣላችኋል። ስፋቱን ከፈለጋችሁ ፎቶው አለላችሁ።

የሐረሪ ቤት ለማየት ከታደላችሁ ጫማችሁን በር ላይ አውልቁና የት እንደምትቀመጡ ጠይቁ። ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩት መቀመጫዎች፣ ነደባዎቹ፣ የየራሳቸው ተቀማጭ አላቸው። ዝም ብሎ ከፍ ያለው ላይ መውጣት ነውር ነው። ደብተሩንም አስፈቅዳችሁ አውጡ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የስፌት ሥራዎች አንድ በአንድ ለመጻፍ ቀላሉ መንገድ የቤቱን እመቤት መጠየቅ ነው፤ እያንዳንዱ ምን ሲሆን እንደሚወርድ ይነግሯችኋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሰው ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ፤ በተለይ ሴቶችን፣ የሚቅሙ ሰዎችንና ጸሎት ላይ ያለን ሰው። ዓርብ ከቀትር አካባቢ መስጊዶቹ አጠገብ መንገድ አትዝጉ። ረመዳን ከሆነ ጀጎል ውስጥ በቀን የሚበላ ስለማታገኙ ቁርስ በልታችሁ ግቡ። መንገድ ከጠፋባችሁ የግንቡን ውስጠኛ ጎን ይዛችሁ ሂዱ፤ አንዱ በር ላይ መድረሳችሁ አይቀርም።

ደረጃ 5፦ ከሰዓት በኋላውን ለመጻፍ ተጠቀሙበት

ከ7 ሰዓት በኋላ ሐረርም ትቀዘቅዛለች። ሰው ምሳ በልቶ ይቀመጣል፣ ይቅማል፤ ጥያቄ የሚያስተናግድ ሰው አታገኙም። ጥላ ፈልጋችሁ የጠዋቱን አንብቡ። ቃል የጎደለበትን ሙሉ፤ ያልተነበበውን ፊደል አስተካክሉ። አዲስ ሐሳብ ከመጣላችሁ ኅዳጉ ላይ «ከሰዓት የተጨመረ» ብላችሁ ጻፉ። በቦታው የተጻፈና ኋላ የታሰበ ነገር ሲደባለቅ የማስታወሻው ታማኝነት ይቀንሳል።

ዋጋ ከጻፋችሁ ቀኑን አብራችሁ ጻፉ። የክፍያ መጠን ቀን ከሌለው ለሚቀጥለው ተጓዥ ወጥመድ ነው።

ደረጃ 6፦ የጅቦቹን ምሽት በጨለማ መጻፍ

ሐረር ላይ ጅቦችን በየማታው የሚያበላ ሰው አለ፤ ጅቦቹ የሚመገቡት ሲጨልም፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ነው። ፈላና በር ውጪ እና ሰንጋ በር አካባቢ የታወቁ ናቸው፤ ሆኖም የሚመገቡበት ቦታ ስለሚቀያየር ያደራችሁበት ቤት በዕለቱ ጠይቁ። ክፍያውን ከመጀመሩ በፊት ተስማሙ።

ከመውጣታችሁ በፊት አዲስ ገጽ ክፈቱና በላስቲክ ያዙት። እዚያ ስትደርሱ ወረቀቱን ሳታዩ ጻፉ፦ በትልቅ ፊደል፣ በአንድ መስመር አንድ ቃል። የግራ እጃችሁን አውራ ጣት የጻፋችሁበት መስመር ላይ አኑሩና አንድ ጣት ዝቅ እያላችሁ ቀጥሉ። ባትሪ አብርታችሁ አትጻፉ፤ ዓይናችሁ ከብርሃኑ በኋላ ጨለማውን እስኪለምድ ደቂቃዎች ይፈልጋል፤ በዚያ መሃል ስንቱ ያልፋችኋል።

ዓይን እንስሳው ላይ ይሆናል፤ ጆሯችሁን ግን ሥራ ስጡት። መጋቢው በምን ስም ይጠራቸዋል? አጥንት ሲሰበር ድምፁ ምን ይመስላል? የትኛዋ ቀድማ ትቀርባለች፣ የትኛዋ ዳር ትቀራለች? ወደ ማደሪያችሁ ስትመለሱ፣ እንቅልፍ ሳይመጣ፣ ቃላቱን ወደ ዓረፍተ ነገር ለውጧቸው። እስኪነጋ ካቆያችሁት ግማሹን ራሳችሁም አታነቡትም።

ማስጠንቀቂያ፦ እነዚህ የዱር አውሬዎች ናቸው። ቦርሳችሁ ውስጥ ምግብ አይኑር፤ አትሩጡ፣ ልጅ እጃችሁን አይልቀቅ። ያለ መጋቢው ፈቃድ አትቅረቡ፣ ፍላሽም አትጠቀሙ። ሲያልቅ ብቻችሁን በጨለማ አትመለሱ፤ ባጃጅ አስጠብቁ።

በዚያው ሌሊት ድሬዳዋ ልመለስ የሚል ሰው አይጠፋም። ተዉት። ትራንስፖርት ይሳሳል፣ ቁልቁለቱም በጨለማ አይመከርም።

ደረጃ 7፦ ዳከታ ላይ አንድ ድንጋይ ምረጡ

እሑድ ጠዋት በጅጅጋ መንገድ ውጡ። ባቢሌ ከሐረር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ መጀመሪያ ወደ ኤረር ሸለቆ ይወርዳል፣ ከዚያ ተመልሶ ይወጣል፤ የከፍታ ሠንጠረዡን ቀጥሉበት። ባቢሌን አለፍ ስትሉ ከመንገዱ ግራና ቀኝ አንዱ ባንዱ ላይ የተደራረቡ ድንጋዮች ይጀምራሉ።

እዚህ ሰው ሁሉ የሚሠራው አንድ ነገር አለ። ድንጋይ ባየ ቁጥር ያነሳል፤ ኋላ ሁሉም አንድ ይሆንበታል። እናንተ አንዱን ምረጡ። ዙሩት። ከእያንዳንዱ ጎን ምን እንደሚመስል፣ የላይኛው ከታችኛው ጋር የሚነካካበት ቦታ ምን ያህል እንደሆነ፣ ስንጥቁ ወዴት እንደሚሄድ ጻፉ። ግራናይቱ በስንጥቁ በኩል ውሃ እየገባ፣ ሙቀትና ብርድ እየተፈራረቀበት፣ ለስላሳው ክፍል ተበልቶ ሲታጠብ ጠንካራው ይቀራል። ሲዞሩት ይሄን በዓይን መከተል ይቻላል። አጠገቡ የሰው ቁመት የሚያሳይ ነገር በሥዕሉ ውስጥ ይግባ፤ ያለዚያ ትልቁም ትንሹም እኩል ይመስላል።

ባቢሌ ላይ ኦቾሎኒ ግዙ። ከሐረር ሲወጡ የበላችሁት ቁርስ እስከዚህ አያደርስም፤ ሸለቆው ውስጥ ደግሞ የሚገዛ ነገር አትጠብቁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ድንጋዮቹ ላይ አትውጡ፤ ሥራቸውም አትረፉ። ከአስፋልቱ ርቃችሁ የምትገቡ ከሆነ የአካባቢውን ሰው ይዛችሁ ግቡ። ጉዞውን ከመጀመራችሁ በፊት የመንገዱን ወቅታዊ ሁኔታ ሐረር ላይ ጠይቁ። ከ5 ሰዓት በኋላ ጥላ ስለሌለ በጠዋት ጨርሳችሁ ተመለሱ።

ደረጃ 8፦ ቤት ስትደርሱ በሦስት ቀን ውስጥ ገልብጡት

የደብተሩን ወደ ንጹሕ ገጽ ወይም ወደ ስልክ ገልብጡ። ሦስት ቀን ያልኩት፣ ከዚያ በኋላ የራሳችሁን አኅጽሮተ ቃል ትርጉም መርሳት ስለምትጀምሩ ነው። አ፣ ሰ፣ ግ የሚሉትን ምልክቶች አትጣሏቸው፤ አብረው ይገልበጡ። ፎቶዎቹን በመጀመሪያው ገጽ ፎቶ እያመሳከራችሁ ከማስታወሻው ጋር አገናኙ። የእርሳሱን ደብተር ግን አትጣሉት፤ ሥዕሉ እዚያ ውስጥ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስህተቶች

• በየቦታው «በጣም ያምራል» ብሎ ማለፍ። ምኑ? ቀለሙ፣ ጥላው፣ ነፋሱ? አንዱን ብቻ ጥቀሱ።
• ለሰው እያወሩ መጻፍ። ሰው ፊቱ ላይ ሲጻፍበት ይቆጠባል። መጀመሪያ አዳምጡ፣ ከተለያያችሁ በኋላ ጥግ ይዛችሁ ጻፉ። የግለሰብ ስምና ስልክ ያለ ፈቃዱ አታስፍሩ።
• ሁሉንም በስልክ ድምፅ መቅዳት። የመኪና ግርግርን ጫጫታ ለመያዝ ጥሩ ነው፤ ግን የአንድ ሰዓት ቅጂ መልሶ የሚያዳምጥ ብዙ የለም። ከአንድ ደቂቃ አታስበልጡ።
• ሁለቱን ከተሞች፣ ጅቡንና ዳከታን በአንድ ቀን ማጨቅ። ጊዜው ካጠራችሁ ዳከታን ተዉትና እሑድ ጠዋት ከሐረር በስተደቡብ ያለው ሐኪም ተራራ ላይ ውጡ። ጀጎል በሙሉ ከሥራችሁ ይታያል። ፊታችሁን ወደ ሰሜን ስታዞሩ የጠዋቷ ፀሐይ ከቀኝ ትመጣለች፤ ጥላው የጣራዎቹን ከፍታ ስለሚለይ በሮቹን በሥዕል ላይ ለማስቀመጥ ከ2 ሰዓት በፊት ያለው ጊዜ ይመረጣል።